የአማርኛ መጽሐፍ ወደ ኢፐብ ሲቀየር የሚበላሽ ፊደል እንዴት ይጠገናል?

አንድን የአማርኛ መጽሐፍ ከዎርድ፣ ከኤችቲኤምኤል ወይም ከተራ የጽሑፍ ፋይል ኢፐብ ወደተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ወይም ኪንድል የተባለው የንባብ መሣሪያ ወደሚያነበው ፋይል የሚቀይር ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያገኘው፣ ገጹ ሙሉ በላቲን ፊደላት፣ በጭረቶችና ምንነታቸው በማይታወቅ ምልክቶች የተሞላ መጽሐፍ ነው። ይህ ሲያጋጥም ገሚሱ ሰው ፋይሉ ጠፍቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ገሚሱ ደግሞ ምልክቶቹን እየፈለገ አንድ በአንድ መተካት ይጀምራል። ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ይከፋል። ብዙውን ጊዜ ፊደሉ አልጠፋም፤ ኮምፒዩተሩ ባይቶቹን፣ ማለትም ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠባቸውን ቁጥሮች፣ በተሳሳተ የፊደል ሠንጠረዥ አነበባቸው እንጂ ባይቶቹ እንዳሉ ናቸው። ጽሑፉ በእውነት የሚጠፋው ሳይመረመር ሲጸዳና በጸዳው መልክ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጥገናው ባልተናነሰ ለምርመራው ቦታ ይሰጣል።

ለሥራው ሁለት ነፃ ሶፍትዌሮች ይበቃሉ፤ እነሱም መጽሐፍ ቀያሪው ካሊበር እና በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው የጽሑፍ ማረሚያ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ናቸው። ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ወደ ሌላ ማኅደር ይቅዱና የሚቀጥለውን ሁሉ በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። የተበላሸው ፋይል በዎርድ ወይም በሌላ ፕሮግራም ክፍት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አታስቀምጥ ብለው ይዝጉት።

የብልሽቱን ዓይነት መለየት

የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ስሪት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የሚለውጥ ሥርዓት) እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት ይጽፈዋል። ዊንዶውስ-1252 የሚባለው የቆየ የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ግን አንዱን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ ይቆጥራል። በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ አማርኛ በዚህ ሠንጠረዥ ሲነበብ አንዱ ፊደል ሦስት ምልክት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ላሉት ፊደላት ሁሉ አንድ ስለሆነ፣ በአናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» በየሦስተኛው ቦታ እየተመላለሰች ትታያለች። ለምሳሌ «ወተት» የሚለው ቃል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ አንደኛው፣ አራተኛውና ሰባተኛው ይህችው ባለ ጭረት «ኤ» ናቸው። ይህን ድግግሞሽ ካዩ ደስ ይበልዎ፤ ከብልሽቶች ሁሉ በቀላሉ የሚድነው ይህ ነው።

በአማርኛው መካከል የፈረንሳይኛ ስም ወይም የኢትዮጵያ ጥናት ምሁራን ግእዝን በላቲን የሚጽፉባቸው ባለ ምልክት ፊደላት ካሉ፣ የእነሱ ብልሽት መልኩ ትንሽ ይለያል። የፈረንሳይኛዋ ባለ ጭረት «ኢ» ሁለት ምልክት ትሆናለች፤ አንደኛው በአናቷ ላይ የሞገድ ምልክት ያለባት ትልቋ «ኤ»፣ ሁለተኛው የቅጂ መብት ምልክት ነው። በራሷ ላይ ሁለት ነጥብ ያለባት «ኤ» ደግሞ በዚያችው ባለ ሞገድ «ኤ» ትጀምርና አጠቃላዩ የገንዘብ ምልክት (¤) ይከተላታል። ጠመዝማዛው የእንግሊዝኛ ጭረት፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ከላይ የሚንጠለጠለው፣ ባርኔጣ ያላት «ኤ»፣ የዩሮ ምልክትና የንግድ ምልክት ሆኖ በሦስት ይከፈላል። ምክንያቱም መድኃኒቱም ከአማርኛው ጋር አንድ ነው፤ ለብቻ ማረም አያስፈልግም።

ገጹ ባዶ አራት ማዕዘኖች ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የንባብ መሣሪያው የአማርኛ ፎንት ነው። ከአራት ማዕዘኖቹ ጥቂቱን ቀድተው አማርኛ በሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ቢለጥፏቸው ፊደሉ ይነበባል።

በፊደላቱ ቦታ ተራ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከሆነ መረጃው ጠፍቷል። አንድ ፕሮግራም አማርኛን በማያውቀው ሠንጠረዥ ሊያስቀምጠው ሞክሮ ያልቻለውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፤ ከዚህ ፋይል የሚመለስ ነገር የለምና ወደ ምንጩ መመለስ ግድ ነው። በጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ከዚህ ይለያል። እርሱ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ፋይል እንደ ዩቲኤፍ-8 ሲነበብ በስክሪኑ ላይ የሚታይ ስለሆነ፣ ፋይሉ በዚያ መልክ እስካልተቀመጠ ድረስ ተስፋ አለው።

የመጨረሻው ዓይነት የድሮ ፎንት ነው። ጽሑፉ በላቲን ፊደላትና በሥርዓተ ነጥብ የተሞላ ሆኖ የሦስት በሦስቱ ድግግሞሽ ከሌለበት፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ መሆኑን ይጠርጥሩ። በእሱ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስህተቱ የት እንደገባ ማወቅ

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ የሚጠየቀው ምንጩ ራሱ የተበላሸ ነው ወይስ የተበላሸው በቅየራው ላይ ነው የሚለው ነው። የኤችቲኤምኤል ወይም የተራ ጽሑፍ ምንጩን በፋየርፎክስ ይክፈቱ። በትክክል ከተነበበ ጥፋቱ የቅየራው ነው። ካልተነበበ ከ«ቪው» ማውጫ ውስጥ የጽሑፍ ኢንኮዲንግ ጠግን የሚለውን ትእዛዝ ይሞክሩ፤ ትእዛዙ የሚሠራ ሆኖ ከተገኘና ፊደሉ ከተስተካከለ፣ ባይቶቹ ደኅና ሆነው ፋይሉ ስለራሱ የሚናገረው መግለጫ ብቻ የተሳሳተ ነው ማለት ነው።

የኤችቲኤምኤል ፋይል በመግቢያው ላይ በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደተጻፈ የሚናገር መስመር አለው። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ተጽፎ መስመሩ ዊንዶውስ-1252 የሚል ከሆነ፣ ቀያሪው ሶፍትዌር መስመሩን አምኖ ይሳሳታል። መስመሩን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ማስተካከል በቂ ነው። በነገራችን ላይ ከዎርድ የወጣ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሲከፈት በአማርኛው ፋንታ ከ4608 ጀምሮ ያሉ አራት አሃዝ ቁጥሮች፣ ከፊታቸው ሁለት ምልክት ከኋላቸው ነጠላ ሰረዝ መሰል ምልክት ይዘው ቢታዩ ብልሽት አይደለም፤ 4608 የሀ የዩኒኮድ ቁጥር ነው፣ መጽሐፍ አንባቢው መልሶ ፊደል ያደርገዋል።

ምንጩ የዎርድ ሰነድ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው በኤችቲኤምኤል በኩል ሳይዞሩ አዲሱን የዎርድ ፋይል፣ ማለትም ዶክስ የሚባለውን፣ በቀጥታ ለካሊበር መስጠት ነው። ይህ ፋይል ጽሑፉን በዩኒኮድ ስለሚይዝ የኢንኮዲንግ ጥያቄ አይነሳበትም። የድሮውን የዎርድ ፋይል ካሊበር ስለማይቀበለው በቅድሚያ በአዲሱ መልክ ያስቀምጡት።

ምንጩን ወደ ዩቲኤፍ-8 ማምጣት

ፋይሉን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ሲከፍቱ ፕሮግራሙ የገመተው ኢንኮዲንግ በመስኮቱ ግርጌ በቀኝ በኩል ተጽፎ ይታያል። «ኢንኮዲንግ» የሚለው ማውጫ ሁለት ዓይነት ትእዛዞችን ይዟል፤ ብዙ ፋይል የሚጠፋውም ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። ከላይ ያሉት፣ ለምሳሌ «ዩቲኤፍ-8» ተብሎ ብቻ የተጻፈው፣ ባይቶቹን ሳይነኩ በሌላ ሠንጠረዥ እንደገና ያነቧቸዋል። ከታች «ኮንቨርት ቱ» በሚል የሚጀምሩት ግን የሚታየውን ጽሑፍ እንዳለ ይዘው ባይቶቹን ይለውጣሉ። ጽሑፉ ተበላሽቶ እየታየ ከሆነ በመጀመሪያ የሚነካው የላይኛው ነው። «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ሲመርጡ አማርኛው ብቅ ካለ ያስቀምጡት፤ ሥራው አለቀ። አማርኛው እየተነበበ ግርጌው ላይ ሌላ ኢንኮዲንግ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የድሮው የዊንዶውስ ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ብሎ የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-16፣ ያኔ «ኮንቨርት ቱ ዩቲኤፍ-8» ይባላል። ተበላሽቶ በሚታይ ጽሑፍ ላይ ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ መስጠትና ማስቀመጥ ብልሽቱን በፋይሉ ውስጥ ማተም ነው።

በካሊበር መቀየር

1. የኤችቲኤምኤል ፋይል ወደ ካሊበር ሲገባ ገና ከቅየራው በፊት በአንድ ትንሽ ተሰኪ በኩል ወደ ዚፕ ይታሸጋል፤ ስህተቱ እዚያው ሊገባ ይችላል። ከ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፕለጊንስ»ን፣ ከዚያ የፋይል ዓይነት የሚለውን ክፍል ከፍተው «ኤችቲኤምኤል ቱ ዚፕ» የተባለውን ያግኙና የምንጩን ኢንኮዲንግ ስም በላቲን ፊደል ይጻፉለት። ቀድሞ ገብቶ የነበረውን መጽሐፍ ሰርዘው እንደገና ካላስገቡት በስተቀር ለውጡ አይሠራም፤ ካሊበር ቀድሞ ያሸገውን ይዞ ይቀጥላልና።

2. መጽሐፉን መርጠው «ኮንቨርት ቡክስ» ይበሉ፤ «ሉክ ኤንድ ፊል» በሚለው ገጽ ላይ የገቢ ፋይል ኢንኮዲንግ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ለተራ የጽሑፍ ፋይል ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በዚህ ሳጥን ይንገሩት፤ ተራ ጽሑፍ ስለራሱ የሚናገርበት መስመር ስለሌለው ካሊበር የሚሠራው በግምት ነው። ምንጩ በትክክል ራሱን የሚገልጽ ከሆነ ሳጥኑን ባዶ ይተዉት።

3. በዚያው ገጽ ላይ የዩኒኮድ ፊደላትን ወደ ተራ የላቲን ፊደል የሚለውጥ ምርጫ አለ። ለአማርኛ መጽሐፍ ፈጽሞ መመረጥ የለበትም፤ ከተመረጠ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሆኖ ይወጣል፣ የፈረንሳይኛውም ጭረቶች ይራገፋሉ። ቅየራው ጥሩ ሆኖ ሳለ አማርኛው በላቲን የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ይሁን። በአንጻሩ ካሊበር በኮምፒዩተሩ ላይ የመጽሐፉን ማኅደር በላቲን ፊደል መሰየሙ ልማዱ ነውና አያስጨንቅም።

4. «ሂዩሪስቲክ ፕሮሰሲንግ» የሚባለውን ራስ ሠር ማጽጃ አጥፍተው ይተዉት። ምክንያቱ ከዚህ በታች ግልጽ ይሆናል።

5. የውጤቱን ዓይነት ኢፐብ ያድርጉ። ለቆየ ኪንድል በገመድ የሚጫን ከሆነ ደግሞ «ኤዜድደብሊው3» የተባለውን ይምረጡ፤ ሞቢ የተባለው የድሮ የኪንድል ፋይል ፎንት አይሸከምም።

6. በመጽሐፉ መግለጫ ውስጥ ቋንቋውን «አማርኛ» ብለው ይሙሉ፤ አንዳንድ የንባብ መሣሪያዎች ፎንት የሚመርጡት ይህን አይተው ነው።

ተበላሽቶ የተቀመጠን ጽሑፍ መመለስ

ከሁሉ የሚያስቸግረው ምንጩ ጠፍቶ ብልሽቱ በውስጡ የታተመበት ኢፐብ ብቻ ሲቀር ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተቱን በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። በካሊበር «ኤዲት ቡክ» መጽሐፉን ይክፈቱ፤ በግራ ካለው ዝርዝር አንዱን ምዕራፍ በቀኝ ጠቅ አድርገው ወደ ውጭ ያውጡት። ቀድቶ መለጠፍ አይመከርም፤ ዓይን የማያያቸው ባይቶች በመንገድ ሊቀሩ ይችላሉ። የወጣውን ፋይል በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይክፈቱና በመጀመሪያ «ኮንቨርት ቱ አንሲ» ይበሉ («አንሲ» የሚባለው ዊንዶውሱ የሚሠራበት የቆየ ሠንጠረዥ ነው)፤ ቀጥሎ ከላይኛው ክፍል «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ። ዊንዶውሱ በምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ የሚሠራ ከሆነ አማርኛው ይመለሳል። አስቀምጠው ያንኑ ምዕራፍ በካሊበር ማረሚያ ውስጥ በዚህ ፋይል ይተኩት።

አንዱ ፊደል ወደ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ምልክት ተሰንጥቆ ከሆነ ብልሽቱ ሁለት ጊዜ ተደራርቧል፤ ያንኑ ሂደት ሁለት ጊዜ መድገም ይፈታዋል። በአንጻሩ በምዕራፉ ውስጥ ደኅና አማርኛና የተበላሸ አማርኛ ተቀላቅለው ካሉ ከላይ ያለውን አያድርጉ። ደኅናው አማርኛ በ«አንሲ» ውስጥ ቦታ ስለሌለው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። የተበላሸውን ክፍል ለብቻው በሌላ ፋይል አስቀምጦ መጠገን ይሻላል።

ከጥገናው በኋላ አንዳንድ ፊደላት ብቻ ጎድለው ይገኙ ይሆናል፤ ይህ የዘፈቀደ አይደለም። ዊንዶውስ-1252 አምስት ባዶ ቦታዎች አሉት። ል፣ ም፣ ነ፣ ኝ፣ ው፣ ዝ፣ ግ፣ ሁ፣ ቁ እና ሐ ሦስተኛ ባይታቸው ከእነዚህ ባዶ ቦታዎች በአንዱ ላይ ይወድቃል። የፀ፣ የፈና የፐ ቤተሰቦች፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና የግእዝ ቁጥሮችም ሁለተኛ ባይታቸው እንዲሁ ነው። ዊንዶውስና አሳሾች እነዚህን ባይቶች በዝምታ ያሳልፏቸዋል፤ ጥብቅ የሆኑ ፕሮግራሞች ግን ይጥሏቸዋል ወይም በጥያቄ ምልክት ይተኳቸዋል። ስለዚህ «ም» እና አራት ነጥብ ከመጽሐፉ ሁሉ ጠፍተው «ሰ» እና «ተ» ደኅና ከሆኑ፣ መካከል ላይ አንድ ጥብቅ ፕሮግራም ገብቷል ማለት ነው።

ሌላው ኪሳራ ከማጽዳት ይመጣል። የበ፣ የአ፣ የጠ እና የሠ ሦስተኛ ባይት በዊንዶውስ-1252 የማይሰበር ክፍተት ነው፤ ዓይን ከተራ ክፍተት አይለየውም። የር፣ የክ፣ የይ እና የጭ ደግሞ የቃል መክፈያ ስውር ሰረዝ ነው፤ በስክሪን ላይ ጨርሶ አይታይም። ክፍተቶችን የሚያስተካክል ወይም ስውር ሰረዞችን የሚያስወግድ ማጽጃ በተበላሸው ጽሑፍ ላይ ቢሄድ እነዚህን ፊደላት ለይቶ ይገድላል፤ ማጽጃው ይጥፋ የተባለው ለዚህ ነው። «በ» እና «አ» የሌሉበትን አማርኛ ማንበብ ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ይገምታል። ማጽዳት ካስፈለገ ፊደሉ ከተመለሰ በኋላ ይሁን።

የጎደለው ጥቂት ከሆነ ግን መሙላት ይቻላል። ከጎደለው ፊደል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ብዙውን ጊዜ ይተርፋሉ፤ ሁለተኛው ባይት ደግሞ ፊደሉን ከስልሳ አራት ባልበለጡ ፊደላት ውስጥ ያጠብበዋል። ከቃሉ አገባብ ጋር ሲታይ አብዛኛው ይታወቃል፤ ቢሆንም ይህን ለአንድ ሙሉ ልብ ወለድ ከማድረግ ምንጩን የያዘ ሰው መፈለግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የድሮ ፎንቶች

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት ቪዥዋል ግእዝ፣ የቀድሞዎቹ የፓወር ግእዝ ስሪቶች፣ አጋፋሪና ብራና የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሰነዱ ለኮምፒዩተሩ ላቲን ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፣ ኢፐብ ሲሆን ፎንቱ ይቀርና እውነተኛው ይዘት ይወጣል። የኢንኮዲንግ ቅንብር እዚህ ምንም አይረዳም። የሚያስፈልገው ለዚያ ፎንት ተብሎ የተሠራ ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ነው፤ የፎንቱን ስም በዎርድ ከፎንት ሳጥኑ፣ በፒዲኤፍ ደግሞ ከሰነዱ መግለጫ ውስጥ «ፎንትስ» ከሚለው ገጽ ያገኙታል። የአንዱን ፎንት መለወጫ ለሌላው መጠቀም ሌላ ዓይነት ዝብርቅርቅ ያመጣል፤ ሠንጠረዦቻቸው አይመሳሰሉምና። አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረው አንዳንዶቹ ፊደሉን በግንዱና በቅጥያው ከፍለው ይጽፉት ነበር፤ በእጅ እየፈለጉ መተካት ብዙ ጊዜ የማይሳካው በዚህ ምክንያት ነው።

መለወጫ ያልተገኘለት ፒዲኤፍ ከሆነ ገጾቹን ወደ ምስል ቀይሮ ፊደል በሚያነብ ሶፍትዌር ማስነበብ ይቀራል። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አማርኛን ያነባል፤ በጥራት የታተመ ገጽ ላይ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም እንደ ሰ እና ስ ያሉ የሚቀራረቡ ቅርጾችን ሊያምታታ ስለሚችል ሙሉ እርማት ይጠይቃል።

ባዶ አራት ማዕዘኖች

በካሊበር የቅየራ መስኮት «ሉክ ኤንድ ፊል» ውስጥ ፎንት በመጽሐፉ ውስጥ የሚታሸግበት ምርጫ አለ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካን ይምረጡ፤ ሁለቱም በመጽሐፍ ውስጥ እንዲታሸጉ የሚፈቅድ ነፃ ፈቃድ አላቸው። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ኢብሪማና ከቀድሞ ስሪቶቹ ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ ለግል ንባብ ያገለግላሉ፣ ለሽያጭ በሚወጣ መጽሐፍ ግን ፈቃዳቸውን ሳያጣሩ አያሽጉ። በኪንድል ላይ ከፎንት ምርጫው የአሳታሚውን ፎንት ካልመረጡ የታሸገው አይሠራም። ለራስዎ ብቻ ከሆነ ኪንድልንም ሆነ ኮቦ የተባለውን ሌላ የንባብ መሣሪያ በገመድ አገናኝተው «ፎንትስ» በተባለው ማኅደር ውስጥ የፎንቱን ፋይል መጨመር ለሁሉም መጽሐፍ ያገለግላል።

ውጤቱን መፈተሽ

የተቀየረውን መጽሐፍ በካሊበር መመልከቻ ብቻ አይፍረዱ፤ ኮምፒዩተሩ የራሱን ፎንት ስለሚያበድር የጎደለውን ይሸፍናል። በሚነበብበት መሣሪያ ላይ ጭነው ሽፋኑን፣ ማውጫውንና ከመካከል አንድ ገጽ ይዩ፤ ማውጫው ከሌላ ፋይል ስለሚመጣ ምዕራፎቹ ደኅና ሆነው እርሱ ብቻ ተበላሽቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከዚያ በመሣሪያው መፈለጊያ ል፣ ም፣ ነ፣ ው፣ ግ፣ ፈ፣ በ፣ አ፣ ጠ፣ ር፣ ክ፣ ይ እና አራት ነጥብን በየተራ ይፈልጉ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በመጽሐፉ ውስጥ አልተገኘም ከተባለ ወደተቀመጠው የመጀመሪያ ቅጂ ተመልሰው ቅየራውን እንደገና ይጀምሩ።